ዋጋ በውስጥ መስመር

ሆሞሻ ውስጥ እስካሁን የፌስቡክ ገጽና የቴሌግራም ቻናል ያልከፈተ ነጋዴ ካለ ነገ ሳይል ዛሬውኑ ይክፈት። የምግብ ቤቱ ጣሪያ ቢያፈስ፣ የወንበሩ እግር ቢወላገድ፣ ጀሪካኑ ባዶውን ቢውል ምንም አይደለም፤ እነዚህ ቀስ ብለው ይደርሳሉ። መቅደም ያለበት አርማው ነው። ክብ ይሁን፣ መሃሉ ላይ ሹካና ማንኪያ ይጠላለፉበት፣ ከሥሩ ደግሞ ስለ ጥራትና ስለ ዓለም አቀፍ ደረጃ አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ይግባበት። የሆሞሻ ሰው ቤቱ ውስጥ በበርታ ቋንቋ ይጫወታል፣ ገበያ ላይ በዓረብኛ ይከራከራል፣ ጉዳይ ሲኖረው በአማርኛ ማመልከቻ ያስጽፋል። ሦስቱንም ትቶ እዚህ ማንም ምሳ በማያዝበት በአራተኛ ቋንቋ ማስተዋወቅ የት እንደደረስን ያሳያል። ጎረቤት ያሉት የሸርቆሌና የጾሬ መጠለያ ጣቢያዎች ዓረብኛ የሚያነብ ሰው ሞልቶባቸዋል፤ የሱዳኑ ጦርነት በሚያዝያ 2015 ከፈነዳ ወዲህ በኩርሙክ በኩል የገባውም ብዙ ነው። አንድ መስመር በዓረብኛ ቢጻፍላቸው ደንበኛ ይሆኑ ይሆናል። ግን ዓረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚጻፍ ከአርማው ጋር አይሄድም፤ ስለዚህ ይቅር።

እዚህ ደረጃ የደረስነው በሥልጠና ነው። አገሪቱ በ2012 "ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025" የሚል ስትራቴጂ ካጸደቀች ወዲህ "ዲጂታል" የሚል ቃል የሌለበት ሥልጠና አበል ያስገኛል ብሎ የሚጠብቅ ሰው የለም። አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጥቶ አሶሳ ይወርዳል፣ ፕሮጀክተሩን ይሰካል፣ መብራት እስኪመጣ ድረስ ራሱን ያስተዋውቃል። ከዚያ የመጀመሪያውን ስላይድ ይገልጣል፦ ወጥነት። በየቀኑ ለጥፉ። በአንድ ሰዓት ለጥፉ። በአንድ ቀለም ለጥፉ። አንድ ቀን ከቀራችሁ አልጎሪዝሙ ይቀየማችኋል። ሠልጣኙ ይጽፋል። ከሻይ በኋላ ሰርተፍኬት ይታደላል፤ ሰርተፍኬት ሲቀበል የተነሳው ፎቶ የገጹ የመጀመሪያ ልጥፍ ይሆናል። ለብዙዎቹ ገጾች የመጨረሻውም እሱ ነው። እነሱን እንኳ እንተዋቸው፣ የሞተ አይወቀስም። ላደንቅ የተነሳሁት የጸኑትን ነው።

የጸኑት በእርግጥም አይዛነፉም። ሰኞ ጠዋት ስለ ስኬት የሚመክር ጥቅስ፣ ከጀርባው የፀሐይ መውጫ። ዓርብ "ጁምዓ ሙባረክ"። በመካከል የሴቶች ቀን፣ የውሃ ቀን፣ የእጅ መታጠብ ቀን። (ዳቦ ቤት የእጅ መታጠብ ቀንን ሲያከብር ማየት ደስ ይላል፤ ዳቦ ቤቱ ውስጥ መታጠቢያ ቢኖርማ በዓሉ በድርብ በተከበረ ነበር።) የበዓል መልካም ምኞቱ ደግሞ ለብቻው ይወራለት። ረመዳን ሊያልቅ ሲል ሰው ሁሉ ግቢው ቆሞ፣ አንገቱን ሰቅሎ ጨረቃዋን ሲጠብቅ ስልኩ ጢው ይላል፤ ምግብ ቤቱ "ዒድ ሙባረክ" ብሎታል። ፖስተሩ ቀደም ብሎ ተሠርቶ፣ ሰዓት ተሞልቶለት ኖሯል፤ ጨረቃዋ ትታይ አትታይ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። በማግስቱ ከተማው ጾሞ ዋለ፣ ገጹ ብቻውን ዒዱን አከበረ። ማረሚያ እንዳይወጣ ማረሚያ ከወሩ ዕቅድ ውስጥ የለም።

ፎቶውንም ሳናደንቅ አናልፍም። በዚህ አገር ማንጎ በሚደርስበት ወራት ፍሬው በየዛፉ ሥር ረግፎ ይበሰብሳል፤ ልጆች ይራገጡበታል፣ ፍየል እንኳ ጠግባ ታማርጠዋለች። የጭማቂ ቤቱ ገጽ ላይ ያለው ማንጎ ግን የእኛ አይደለም። ጉንጩ የቀላ፣ ቆዳው ላይ አንዲት ነጥብ የሌለበት፣ የውሃ ጠብታ በሥርዓት የተደረደረበት ነው፤ ከጎኑ ስሙን የማናውቀው ቅጠል አለ፣ ብርጭቆው ውስጥ በረዶ ይንሳፈፋል። ጎላ አድርጎ ላየው ሰው ከጥጉ የፎቶ ሻጩ ድርጅት ስም በስሱ ተጽፎ ይታያል፤ ሳይከፈልበት የተወሰደ ነው። ባለቤቱ ከበሩ ሦስት እርምጃ ወጣ ብሎ ስልኩን ቀና ቢያደርግ በእግሩ የረገጠውን ማንጎ ባነሳው ነበር። ግን የእኛ ማንጎ ነጠብጣብ አለበት። በ2002 መጨረሻ ምሥራቅ ወለጋ ላይ የታየው ነጭ ተባይ ወደዚህ ከዘለቀ ወዲህ መልኩ ተበላሽቷል፤ ገበሬው በዚህ ሲቸገር፣ አጥኚ ሲመላለስ ከርሟል። የገጹ ማንጎ ግን ታሞ አያውቅም። ደንበኛው ሲመጣ የሚቀርብለት ጭማቂ ከፎቶው ጋር ዝምድና ከሌለው ጥፋቱ የደንበኛው ነው፤ ማን በአካል ና አለው?

በአካል የሚመጡትን ለመከላከል ደግሞ ስልክ ቁጥር አለ። ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ የሚሄድ ሾፌር ረፋዱ ላይ ገጹን አይቶ ደወለ እንበል።

"አሎ፣ ምሳ ይገኛል?"

"እንዴታ ጋሼ! ሃያ አራት ሰዓት ክፍት ነን።"

"አምስት ሰው ነን። ገንፎ በባሚያ ይኖራል?"

"የሌለ ነገር የለም። ገጻችን ላይ ይመልከቱ።"

"ከዋናው መንገድ በስተቀኝ ናችሁ በስተግራ?"

ዝም ይላል። ከዚያ፣ "ጋሼ፣ እኔ አድሚኑ ነኝ፣ ያለሁት መገናኛ ነው። አጎቴን ጠይቄ ልደውልልዎት፤ ስልኩ ግን ዝግ ነው መሰለኝ።"

አጎትየው ለቅሶ ላይ ነው። በሩ ተቆልፏል። በዚህ ማንም አይፈርድበትም፤ ለቅሶ የማይደርስ ነጋዴ የሚቀብረው አያገኝም። በር ላይ ቁራጭ ካርቶን ሰቅሎ "ለቅሶ ነኝ፣ ከሰዓት እመለሳለሁ" ብሎ ቢሆን ሾፌሩም ነፍስ ይማር ብሎ ባለፈ። ገጹ ግን ለቅሶ የለበትም። ሾፌሩ ቁልፉን ፈጥጦ እያየ ቆሞ ሳለ "ትኩስ ምሳ ተዘጋጅቷል፣ ይምጡ" የሚል ልጥፍ፣ በሰዓቱ፣ ሰከንድ ሳያዛንፍ ይደርሰዋል።

ከሁሉ የሚያስደስተኝ ዋጋው ነው። ማለቴ፣ አለመኖሩ። ሻርፑ በሰባት አቅጣጫ ፎቶ ተነስቷል፣ ከጀርባው ሙዚቃ ተለቆለታል፣ "ውስን ነው፣ ይፍጠኑ" ተብሏል። ከሥሩ አሥር ሰው "ዋጋ?" ብሎ ይጠይቃል፤ አሥሩም "ኢንቦክስ" ይባላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሲወጣ ነጋዴው የዕቃውን ዋጋ ንግድ ቤቱ ውስጥ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ወይም ዕቃው ላይ እንዲያደርግ አዝዞ ነበር። ብልህ ነጋዴ አዋጁን አንብቦ ስለ ቴሌግራም አንድም ነገር አለማለቱን አስተዋለ። ኢንቦክስ የገባ ሰው መጀመሪያ ሰላምታ ይቀርብለታል፣ ከዚያ የት እንደሚኖር ይጠየቃል፣ ከዚያ የት እንደሚሠራ። ልብስ ሰፊ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ እንደሚለካ ዋጋውም በሰውየው ልክ ይሰፋል፤ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ነኝ ያለች ሰፊ ይወጣላታል፣ የሰፈር ልጅ ጠበብ ይልለታል።

"ዋጋ በየቀኑ ስለሚቀያየር ነው" ይላሉ። አይዋሹም። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ዘይትና ስኳር ማታ ያደሩበትን ዋጋ ጠዋት አይደግሙም። ታዲያ ቀን በቀን ጥቅስ ለመለጠፍ ያልዛለ ጣት አንዲት ቁጥር ለመቀየር ሲደርስ ለምን ይደነዝዛል? ዋጋው ዛሬ ጨምሯል ብሎ የጻፈን ነጋዴ ሰው ቢያማው ለአንድ ቀን ነው። የደበቀውን ግን ገና ሳያማው ይጠረጥረዋል። ግን ምን አገባኝ፤ ጥቅሱም ቆንጆ ነው፣ ስለ ትዕግሥት ነው።

ተከታይ በሺህ የሚሸጥበት ገበያ መኖሩንም አልረሳሁም። ገዝቶ የቆለለው ተከታይ ሆሞሻ የሰው ስም ትሁን የመድኃኒት እንኳ አያውቅም፤ ቢያንስ ብድር አይጠይቅም።

ከአሠልጣኙ ትምህርት አንዱ ብቻ ያሳስበኛል፤ ያ አልጎሪዝሙ ይቀየማል የተባለው። ሰኔ 2012 ላይ ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በአገሪቱ ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቆይ አልጎሪዝሙ ምን ብሎ ይሆን? ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታግደው ነጋዴው በየስልኩ ቪፒኤን ሲጭን፣ የጫነው ሲዘጋበት ሌላ ሲጭን፣ የወጥነቱ ነገር እንዴት ተቆጠረለት? በዚያው ሰሞን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ገጾች የስብሰባ ፎቷቸውን መለጠፍ አላቋረጡም ነበር። ሥልጠናው ላይ ለአርአያነት መቅረብ የነበረባቸው እነሱ ናቸው፤ በታገደ መድረክ ላይ ሳይታክት መገኘት ለማንም አይሆንለትም።

መብራቱንማ ማን ያነሳዋል። ታላቁ የህዳሴ ግድብ እዚሁ ክልላችን፣ ጉባ ላይ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ የተተከለለት አቅም 5,150 ሜጋዋት፣ 500 ኪሎ ቮልት የተሸከመው መስመር ደግሞ በዴዴሳ አድርጎ ሆለታ ይዘልቃል። መስመሩ የሚሄድበትን ስለሚያውቅ ሆሞሻን ዞር ብሎ አላያትም፤ በዚህ ቅር የተሰኘ ነጋዴ ግን አላየሁም። የስልኩ ባትሪ ሦስት በመቶ ላይ ሆኖ፣ በዚያችው ቀሪ ጉልበት የግድቡን ፎቶ "የኛ" ብሎ የሚለጥፍ ሰው አገሩን አይወድም የሚል ካለ ይምጣ።

የሚያሳዝኑኝ ገጽ የሌላቸው ናቸው። ወርቅ ገዢውን ውሰዱ። በሆሞሻ፣ በመንጌ፣ በሸርቆሌ፣ በኩርሙክ አፈር ቆፍሮ በገበቴ የሚያጥበው ሰው ግራሙን በጨርቅ ቋጥሮ ማን ዘንድ እንደሚሄድ አይጠፋውም። ገዢው አርማ የለውም፣ ሰኞ አይመክርም፣ የውሃ ቀን መጥቶ ሲያልፍ ትንፍሽ አይልም። (ከብሔራዊ ባንክ ዓይን መራቅ የሚመርጡ ገዢዎች እንዳሉ አገር ያውቃል፤ የነሱ ዝምታ ሌላ ትምህርት ነው።) ዋጋው ግን ኢንቦክስ አይባልም፤ አጣቢው ገና ጉድጓዱ ውስጥ ሳለ የዕለቱን ሰምቶታል። ሚዛኑ አንድ ቀን ቢያጭበረብር ሳይመሽ ወንዙ ሁሉ ያወራዋል። ምስኪን፣ አንድም ተከታይ ሳይኖረው ሰው ሁሉ ይከተለዋል።

መንገድ ዳር ጀበናዋን የምትጥደዋ እናትም እንዲሁ ኋላ ቀርታለች። ቡናዋ ስንት እንደሆነ ያልጠየቀ እንኳ ያውቀዋል። በርጩማዎቿ ባዶ ሆነው ስለማያውቁ ፎቶ ማንሻ ቦታ የለም። በማትመጣበት ቀን አጠገቧ ያለው የሱቅ ልጅ ሳይጠየቅ "ዛሬ የለችም፣ ልጇን አሟታል፣ ነገ ትመጣለች" ይላል፤ በነገታው ትመጣለች። ልጁ የሚከፈለው የለም፣ አድሚን መሆኑንም አያውቅም።

ሽሙጡን ለአፍታ ልተወውና፣ ገጽ መክፈት አይከፋም። ያ የሱቅ ልጅ የሚሠራውን ያህል የሚሠራ ገጽ ቢገኝ፣ ዛሬ ተከፍቷል፣ ዛሬ ይህ አለ፣ ይህን ያህል ነው ብሎ በአማርኛና በዓረብኛ ሁለት መስመር የሚጽፍ፣ በሳምንት አንዴም ቢሆን፣ ነጠብጣቡን ማንጎ ፎቶ አንስቶ የሚለጥፍ፣ ሾፌሩ ሲደውል ምድጃው አጠገብ ያለው ሰው የሚያነሳው፣ እኔ ራሴ የመጀመሪያ ተከታዩ ነኝ። ምንም አያስወጣም። ክፋቱም እሱ ነው፤ ምንም የማያስወጣ ነገር አዳራሽ አይከራይበትም፣ አበል አይቆረጥበትም።

ስለዚህ ሁለተኛ ዙር ሥልጠና ተዘጋጅቷል። ማስታወቂያው ወጥቷል፣ ያምራል። ከታች የስፖንሰሮች አርማ ተደርድሯል፣ አሠልጣኙ ክንዱን አጣጥፎ ወደ ሩቅ ይመለከታል፣ ርዕሱ በወርቃማ ቀለም "ወጥነት ያለው የኦንላይን ተገኝነት" ይላል። ቀኑ፣ ሰዓቱና አዳራሹ አልተጻፉም። ከሥሩ አንዱ "የትና መቼ ነው?" ብሎ ጠይቋል። "ኢንቦክስ" ተብሏል።