ኮቱን አታስወልቁት!

«ገጣሚውን ሰሎሞን ደሬሳን ለነቀምቴ ሳሉልን፤ ግን እንደ ጥንቶቹ ግሪኮች! ነጭ ጨርቅ ተጣፍቶ፣ አናቱ ላይ የቅጠል አክሊል ደፍቶ፣ በገና ታቅፎ!» አለ አንዱ። ሰዎች፣ ስኒያችሁን አስቀምጡና ፍረዱን።

ጌታው፣ ነቀምቴ ገበያ ላይ ቅጠል ተሸክሞ የታየ ሰው «ጎመኑ ስንት ነው?» ይባላል እንጂ «አቤት ስንኝ!» አይባልም። ጨርቁስ? በወለጋ ክረምት ትከሻው ተራቁቶ የቆመ ገጣሚ ከክብሩ በፊት ጉንፋኑ ይደርሰዋል።

«ፑሽኪንን እዩ!» ትላለህ። አየነው። የእናቱን አያት ሐበሻ ነው ብለን የምንሟገትለትን ፑሽኪን፣ ኪፕሬንስኪ በ1827 እ.ኤ.አ. ሲስለው ኮት ለብሷል። ትከሻው ላይ ባለ መስመር ጨርቅ ጣል አድርጎ እጁን አጣምሯል። ቅጠል የለ፣ ጭራሮ የለ! በገና የያዘችው የግሪክ እመቤት ከጀርባው ያለች ትንሽ ሐውልት ናት። እሷም የገባችው ሥዕሉን ያሳለው ወዳጁ ዴልቪግ ስለፈለጋት ነው፤ የአማላጅ ሥራ! ሰዓሊው የሰውዬውን ረጃጅም ጥፍር እንኳ አላሳጠረም። አንተ ጥፍር ያልነካውን ሰዓሊ ጠቅሰህ ኮት ታስወልቃለህ?

ያውም የማንን ኮት! ወለጋ፣ ጩታ ተወልዶ በስተመጨረሻ የሚኒሶታን ብርድ የቻለን ሰው ማራቆት፣ ከሥነ ጥበብ ጥያቄነቱ ይልቅ የሕክምና ጥያቄ ነው። «ልጅነት» የተባለውን የግጥም መድበሉን በ1963 ዓ.ም. ሲያወጣ ለተለመደው ቤት መምቻ ግድ አልሰጠውም። ቤት ያልመታውን ሰው ጎትተህ የግሪክ ቤተ ጣዖት ልታስገባው? ስለ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሥዕሎች የጻፈ እኮ ነው፤ የቀለም ሰው ነው፣ ቀለምህን ያውቅብሃል!

«እሺ፣ ፍሬሙ እንኳ የሮማ ወርቅ ቅብ ይሁን» አልክ? እናንተዬ፣ ያዙኝ! ወለጋ ላይ ቆሞ ወርቅ ከሮማ! ወርቁ እዚሁ ነጆ፣ ሰሙ ከየቀፎው፤ ለቅኔ የጎደለ ነገር አለ? ያ አልበቃህ ካለ ዩብዶ ፕላቲነም አለ፤ እሱ እንኳ በቅኔ ገና አልተፈታም።

ሥዕሉ ይሳል፣ ነቀምቴ ላይ ይሰቀል። ከነኮቱ! ቅጠሉን ግን አንተ ስለወደድከው አይቅርብህ። ደፍተኸው ገበያ መሐል ቁም፤ ጨርቁን በእኔ ሒሳብ እችልሃለሁ። ፍየል ከመጣ ግን ዋስ አልሆንም።