ኮሮጆ ገልባጩ ዓሣ አጥማጅ

የባለቤቴ ወንድም ጀልባ ውስጥ፣ ከመንሳፈፊያ ሰደርያዎቹ ሥር፣ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ተቀምጧል። ደብተሩ የእኔ ነው። ሚኔሶታ ውስጥ ሚል ላክስ በሚባለው ሐይቅ ላይ ሁለት ሰመር ሙሉ የትኛው የዓሣ ማታለያ ከየትኛው ይበልጣል፣ በምን ፍጥነት፣ በስንት ሜትር ጥልቀት እያልኩ የመዘገብኩበት ነው። ቀን አለው፣ ሰዓት አለው፣ የነፋሱ አቅጣጫ ሳይቀር ተጽፎበታል። ላየው ሰው የምርምር ሰነድ ይመስላል። ኮሮጆ ተገለበጠ ሲባል በወሬ ሰምተን እናውቃለን፤ እኔ ግን አዘጋጁም፣ ታዛቢውም፣ ቆጣሪውም ራሴ ሆኜ ነው የገለበጥኩት።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሥራ ቦታ ምሳ ላይ አንዱ ፈረንጅ «ዓሣ ታጠምዳለህ?» ሲለኝ «ተወልጄ ያደግኩት ጣና ዳር ነው» አልኩት። ይኼ እውነት ነው፤ ባሕር ዳር ነው ያደግኩት። ቀጥዬ «ማጥመድማ ከልጅነቴ» አልኩ። ይኼኛው ነጭ ውሸት ነው። የጣናን ዓሣ የሚያውቁት በደንገል ታንኳ ጎህ ሳይቀድ የሚወጡት ናቸው። እኔ ከዓሣ ጋር የተገናኘሁት ሁልጊዜም ከተጠበሰ በኋላ ነው። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ሚል ላክስ ወደ 530 ገደማ ነው። ከዚያ ትልቅ ውኃ ዳር መጥቼ በዚህች ትንሿ ማፈሬ ለባሕር ዳርም አይበጃትም።

እንዲህ ዓይነቱን ውሸት ለመዋሸት ደግሞ ሚኔሶታ ክፉ አገር ነው። ዎላይ የሚባለው ዓሣ በፈረንጆቹ ከ1965 ጀምሮ በሕግ የታወጀ የግዛቱ ዓሣ ነው። ግንቦት ላይ ማጥመድ የሚፈቀድበት ቅዳሜ ሲደርስ ጀልባ የሚጎትተው መኪና ብዛት ታቦት አጅቦ የወጣ ሕዝብ ነው የሚመስለው። ሐይቁ ዳር ጋሪሰን የምትባል መንደር ውስጥ ግዙፍ የዎላይ ሐውልት ቆሟል። ከሥሩ ቆሜ የተነሳሁትን ፎቶ ለእናቴ ብልክላት «ደግ አደረግህ፤ ይኼኛው እንኳ አያመልጥህም» ብላ መለሰችልኝ። በስልክ ሆና እንኳ አውቃኛለች።

ዎላይ ስሙን ያገኘው ከዓይኑ ነው። ከብሌኑ በስተኋላ ብርሃን የሚመልስ ንጣፍ ስላለው ሌሊት ባትሪ ሲበራበት የጅብ ዓይን ይመስላል። ደብዘዝ ባለ ብርሃን፣ ሲመሽና ሲነጋ፣ ወይም ነፋስ ውኃውን ሲያናውጠው ከሚያድናቸው ትናንሽ ዓሦች የተሻለ ያያል፤ የሚበላውም ያኔ ነው። ሚል ላክስ ላይ ደግሞ በፈረንጆቹ 2005 የሜዳ አህያ ጥለት ያላት ጥቃቅን የቀንድ አውጣ ዘመድ ተገኘች። አንዷ በቀን እስከ አንድ ሊትር ውኃ ታጣራለች። በሚሊዮን ሲባዛ ሐይቁ ጠራ፤ ውኃው ሲጠራ ዎላይ የቀኑን ፀሐይ ይበልጥ መሸሽ ያዘ። ይኼን ሁሉ አንብቤያለሁ፣ ለሰውም አስተምሬያለሁ። ራሴ ግን ወደ ሐይቁ የምወርደው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቡና ጠጥቼ፣ ጠራራ ፀሐይ ሲወጣ ነበር።

አሁን ወደ ኃጢአቱ። እዚህ ክፍት ውኃ ላይ ለአንድ ሰው የሚፈቀደው አንድ ክር ብቻ ነው፤ ሁለት የሚፈቀደው በረዶው ላይ ሲጠመድ ነው። እንግዲህ ሁለት ማታለያ ጎን ለጎን ለማወዳደር ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ለሦስት ሦስት። እንግዳ ተቀባይነቴ ከዚህ ሕግ የተወለደ ነው። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ «ምነው ጠፋህ? እስቲ አንድ ቀን ሐይቅ ወጥተን አየር እንቀይር» ያልኩት ሰው ሁሉ ይቅር ይበለኝ። የፈለግሁት እሱን ሳይሆን ክሩን ነበር። በዚህ ዓይነት ካጠመድኳቸው መካከል ሳይሰለቹ የቆዩልኝ አንድ ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

ዕጩዎቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛው ክራንክቤት ነው። ቀለም የተቀባ ትንሽ ዓሣ፣ አገጩ ላይ ምላስ የመሰለ ዝርግ ፕላስቲክ ያለው። ጀልባው ሲጎትተው ውኃው ምላሱን ይገፋዋል፤ ዓሣው እየተንቀጠቀጠ ወደ ታች ይጠልቃል። ምላሱ ሲረዝም፣ ክሩም ሲለቀቅለት ይበልጥ ይወርዳል። የዚህ ዘር ዝነኛ አባት ላውሪ ራፓላ የሚባል ፊንላንዳዊ ድኻ አጥማጅ ነው። ትላልቆቹ ዓሦች ከመንጋው ውስጥ አካሄዷ የተዛባውን ነጥለው እንደሚበሉ አይቶ በ1936፣ በእኛ 1928፣ ጣልያን አዲስ አበባ በገባበት ዓመት፣ ከቡሽ ጠርቦ፣ በቸኮሌት መጠቅለያ ሸፍኖ፣ የፎቶ ኔጋቲቭ አቅልጦ ቀባው። እሱ ልጆቹን ለማብላት ያደረገውን እኔ 14 ዶላር እየከፈልኩ ልጆቼን አስርቤበታለሁ።

ሁለተኛው ዕጩ ስፒነር ነው። ጥቂት ዶቃ፣ ስትጎተት የምትሽከረከር ክብ ብረት፣ ከኋላ መንጠቆ፣ መንጠቆው ላይ ትል። ከፊት ለፊቱ እርሳስ የተሸከመች ጎባጣ ሽቦ መሬት መሬቱን እየነካካች ትሄዳለች። ደንቡ በየሦስት ሜትሩ ጥልቀት 28 ግራም ያህል እርሳስ ነው። ትሉ በደርዘን፣ አፈር በተሞላ የፎም ኩባያ ይሸጣል። ከዚህ በላይ ምንም የለውም። ልቤ ለክራንክቤቱ ያደላውም ለዚሁ ነው፤ ለትል ልሸነፍ ነው ባሕር ማዶ የመጣሁት?

የማጭበርበሩ ቁልፍ ፍጥነት ነው። ስፒነር የሚወደው በሰዓት 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀብር የሚሸኝ ሰው እንኳ ከዚያ ይፈጥናል። ውኃው ሲሞቅ ክራንክቤት ደግሞ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈልጋል። አንድ ጀልባ ላይ ሁለቱን ሰቅለህ ስትጎትት እንግዲህ አንዱ የግድ ይበደላል፤ ቀስ ካልክ ክራንክቤቱ ይለግማል፣ ከፈጠንክ ስፒነሩ ከመሬት ተነስቶ ክሩን እየጠመዘዘ እንደ አውሮፕላን ይሽከረከራል። በፍትሕ ላወዳድር የሚል ሰው አንድ ሰዓት ለዚህ፣ አንድ ሰዓት ለዚያ ብሎ ይከፍላል። እኔ ሁልጊዜ በራሴ ዕጩ ፍጥነት አስነዳሁ።

«አንተ ልጅ» ይሉኛል ጋሼ፣ ዘንጋቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ «የሚያሳድደን ሰው አለ እንዴ?»

«የለም ጋሼ፣ ፍጥነቱ ሳይንሳዊ ነው።»

ሳይንሳዊም ሆኖ እሳቸው ይይዛሉ። እኔ ደግሞ መላ አላጣሁም፤ ደብተሩ ላይ «ዋጋ አልባ ድምፅ» የሚል ዓምድ ከፈትኩ። ጋሼ በትል የያዟቸው ሁሉ እዚያ ገቡ። ምክንያቱ እያንዳንዱ ፊት ለፊት ተጽፏል፤ ዕድል፣ ዕድል፣ ዓሣው ርቦት ስለነበር፣ ዕድል።

አንድ ቀን ስለ ቀለም ሳስረዳቸው ዋልኩ። ቀይ ጥልቀት ላይ ቀድሞ ይጠፋል፣ ብርቱካናማና አረንጓዴ ለዎላይ ዓይን የተሻሉ ናቸው፣ ደፍረስ ሲል ደማቁን፣ ሲጠራ የብር መልክ ያለውን። ሃምሳ ደቂቃ ያህል ተናገርኩ። የተናገርኩት ሐሰት አልነበረም። ክሬን ስስበው ግን ብርቱካናማዋ ዓሣዬ ከአገጯ እስከ ጅራቷ በሐይቅ ሣር ተጠቅልላለች። የደህና ክራንክቤት ምልክቱ የዘንጉ ጫፍ ነው፤ እንደ ብርድ በሽተኛ ያለ ማቋረጥ ይንቀጠቀጣል። ሣር ከያዘው ቀጥ ይላል። የእኔ ጫፍ ንግግሬን ከመጀመሬ በፊት ጀምሮ ቀጥ እንዳለ ነበር። ጋሼ አይተውታል።

«ምነው ቀደም ብለው ቢነግሩኝ?»

«ንግግርህን ላቋርጥ?»

ከሁሉ የማፍርበት ግን የወንበሩ ጉዳይ ነው። ሰኔ ላይ፣ ወደ ማታ፣ ሐይቁ መካከል ካሉት የጭቃ ደለሎች የአንዱን ጠርዝ ይዘን እንሄዳለን። መሪውን የያዘው የባለቤቴ ወንድም ነው። እኔ በቀኝ፣ ጋሼ በግራ። ጠርዙ ወደ ግራ በታጠፈ ቁጥር የጋሼ ዘንግ ይጎብጣል። አንድ። ሁለት። ሦስት። የእኔ ጭጭ። ወንበሩ ነው አልኩ በልቤ። ቀጥዬም «ጋሼ፣ ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ፤ ቢቀይሩኝስ?» አልኳቸው። ደጉ ሰው ተነሱልኝ፤ ጉልበታቸውን ይዘው፣ ጀልባው እየተናወጠ። ዞረን በዚያው ጠርዝ ስንመለስ ታዲያ መታጠፊያው ወደ ቀኝ ሆነ። አራተኛውን ያዙ።

ጀልባ ሲታጠፍ የውጭው ክር ይፈጥናል፣ የውስጡ ቀስ ይላል። ሙሉ ቀን በእኔ ፍጥነት ሲንከራተት የዋለው የጋሼ ትል የልኩን አካሄድ የሚያገኘው በመታጠፊያዋ ላይ ብቻ ነበር፤ ያኔ እርሳሱ መሬት ይነካል፣ ብረቷ ረጋ ብላ ትዞራለች፣ ዓሣውም ይመጣል። ይኼን የነገረኝ የባለቤቴ ወንድም ነው። «ፍጥነቱን ቀንስ እያለህ ነው ዓሣው» አለኝ። «አውቃለሁ» አልኩት። አላውቅም ነበር። ማታ ደብተሩ ላይ እንደ ራሴ ግኝት አድርጌ ጻፍኩት፤ ከሥሩም አሰመርኩበት። ፍጥነቱን ግን አልቀነስኩም።

ያን ምሽት የሐዋርያት ጾም ነበር። ጋሼ በጾም ዓሣም አይበሉም፤ ደንቡ የፈቀደላቸውን ለጎረቤታቸው ይዘው ሄዱ። ባለቤቴ በር ከፍታ ባዶውን የበረዶ ሣጥን ስታይ «ዓሣውስ?» አለች። «ጾም አይደል እንዴ?» አልኳት። በዋዜማው እንቁላል ጠብሳ ያበላችኝ እሷ ናት።

ክራንክቤቶቼን ከእሷ የምደብቅበት ቦታ ባዶ የበርበሬ ጣሳ ነበር። ከሙሉው ጣሳ አጠገብ፣ አንድ ዓይነት ክዳን ያለው። ለዶሮ ወጥ በርበሬ ልትቀዳ ማንኪያዋን ብትሰድ ስድስት መንጠቆ ያላት ሐምራዊ ዓሣ ወጣችላት። ማንኪያውን እንደያዘች ዝም ብላ አየችኝ። ሽታ ዓሣ ይስብ እንደሆነ እየሞከርኩ ነው አልኳት፤ ይህም ደብተሩ ላይ አለ፣ «የበርበሬ ሙከራ» በሚል ርዕስ።

በየአሥር ደቂቃው ማታለያ መቀየሬን፣ ክሩ በየዘጠኝ ሜትሩ ቀለም የሚቀይር ባለ እርሳስ ገመድ ገዝቼ ስንት ቀለም እንደለቀቅሁ መቁጠር አቅቶኝ ሐይቁ ወለል ላይ ቆርጬ መተዌን፣ የጠፋውን ሁሉ «ትልቅ ዓሣ በጥሶት ሄደ» ማለቴን ልዘርዝር ብል ገጹ አይበቃም።

ባለፈው ኅዳር ጀልባው ሸራ ከመልበሱ በፊት ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ቆጠርኩ። ዋጋ አልባ ያልኳቸውንም ደመርኩ። ማንም ታዛቢ አልነበረም። የጋሼ ትል፣ 31። የእኔ 46 ክራንክቤቶች፣ 2። ከሁለቱ አንዱ የተያዘው በጅራቱ ነው።