ነገረ ታኮ፣ ወይም የዝቅተኛ መኪና ፈተናዎች በመርካቶ

ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያይቱን አውቶሞቢል ከባሕር ዳርቻ አንሥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ ካደረሰ ወዲህ፣ የአገራችን ሰው ስለ ሞተሩ ብርታት፣ ስለ ፍጥነቱና ከሁሉ ይልቅ ስለ ዋጋው ብዙ ሲናገር፣ በመኪናው ሆድና በምድር መካከል ስላለው ባዶ ቦታ ግን አንዳች ሳይናገር ኖሯል። ዝምታው በመጀመሪያ ምክንያት ነበረው፤ በዚያ ዘመን የተስተካከለ መንገድ ስላልነበረ የመኪናው መንኰራኵር ትልቅ፣ ሆዱም ከምድር የራቀ ነበርና። በባሕር ማዶ መንገዱ በተስተካከለ ቁጥር ግን ሠሪዎቹ መኪናውን ዝቅ፣ አሁንም ዝቅ እያደረጉ ሄደው፣ ዛሬ ቪትዝ የምንላት ትንሽ ፍጥረት ከምድር የምትርቀው 14 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ሆኗል። ይህ ርቀት ለቶኪዮ ይበቃል። ለመርካቶ ይበቃ እንደ ሆነ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ተግባር ነው።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ የተባለው 14 ሳንቲ ሜትር የጾመኛ መኪና ልክ መሆኑን ነው። በበዓል ዋዜማ ከእህል በረንዳ ግማሽ ኩንታል ጤፍ፣ ከበርበሬ በረንዳ አንድ ጆንያ ዛላ፣ በላዩም 20 ሊትር ዘይት በጀሪካን ተጭኖ፣ በኋላ ወንበር ደግሞ ለግዢው ምክር የመጡ ሦስት የቤተ ዘመድ ወይዛዝርት በክብር ከተቀመጡ፣ ሞላው ይተኛል፤ ማርሚታውም ወደ ምድር ቀርቦ ፍርዱን ይጠባበቃል።

ፈተናዎቹ በአምስት ይከፈላሉ። ፊተኛው ቆሞ የሚጠብቅ ሲሆን፣ እርሱም የፍጥነት መቀነሻው ጉብታ ነው። ከእነዚህ ጉብታዎች አንዳንዱ የመንግሥት፣ አንዳንዱም ሰፈርተኛው በሌሊት በሲሚንቶ ያቆመው ነው፤ የሁለተኛው ዓይነት ቁመት የሚወሰነው በምህንድስና ሳይሆን በቁጣ ነው። እዚህ ላይ ተሳፋሪ ማውረድ ግድ ይሆናል፤ ነገር ግን የሰው ክብደት በይሉኝታ ምክንያት በአደባባይ ሊነገር ስለማይገባ፣ ሾፌሩ ወደ ኋላ ዞር ብሎ፣ «እትዬ፣ እስቲ እግርዎን ትንሽ ያፍታቱ» ይላል። በዚህ ጊዜ ከሦስቱ ቀጭኗ ፈጥና ትወርዳለች። ሊወርዱ የታሰቡት ግን መቀነታቸውን አጥብቀው፣ «እኔ ምን ልከብድ ብለህ ነው ልጄ» ይሉና ይቀመጣሉ። ከዚህ ሥርዓት ሲወጣ የታየ ሾፌር የለም።

ሁለተኛው ተከፍቶ የሚጠብቅ ነው፤ ክዳኑ የጠፋ ቱቦ። ሦስተኛው ውኃ ለብሶ የሚጠብቅ ነው፤ ይህንን በሐምሌ የገባበት ያውቀዋል። ወደ አራተኛው ለማለፍ ብዕራችንን ስናነሣ ግን አምስተኛው በግድ ይጠራናል፤ እርሱም ተትቶ የሚጠብቀው፣ ታኮ ነው።

የታኮ ምክንያተ ህላዌ ዳገት ነው። ከተማችን ከእንጦጦ ጀምራ እስከ አቃቂ ቁልቁል የምትወርድ በመሆኗ፣ ገበያው በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደዛሬው መርካቶ ሲዛወር ቦታውን ለወጠ እንጂ ዳገቱን አልተወም። ስለዚህ ቆርቆሮ ወይም ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ ሽቅብ ቆሞ በሚያራግፍበት ጊዜ፣ ሾፌሩ የእጅ ፍሬኑን ስለማያምነው፣ ረዳቱ መኪናው ገና ሳይቆም ዘሎ ወርዶ፣ ካገኘበት ድንጋይ አንሥቶ ከኋላ ጎማ ሥር ይሸጉጣል። ድንጋዩ በዚህ ሰዓት ክቡር ነው፤ ያን ሁሉ ኩንታልና ከበታች ያለውን ሱቅ ሁሉ ተሸክሟልና። ጭነቱ አልቆ መኪናው ወደ ፊት ሲነሣ ግን ድንጋዩ ከኋላ ይቀራል። ረዳቱ በሩን ይዞ እየሮጠ ነው፤ ሾፌሩ ፊት ፊቱን ያያል፤ ባለ ሱቁ ዕቃውን ይቈጥራል። ድንጋዩ የማንም ስላልሆነ የሁሉም ይሆናል፤ ይልቁንም የቪትዟ።

በባሕርዩ ሲመረመር፣ ታኮ ሦስት ነገድ አለው። የብሎኬት ስባሪ ርኅሩኅ ነው፤ ሲነኩት ይፈርሳል። ጥቁር ድንጋይ ጨካኝ ነው፤ ግን ከሩቅ ይታያልና ሐቀኛ ነው። አታላዩ ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በየመንደሩ የተነጠፈው፣ ከንጣፉም እየተነቀለ የሚዞረው ኮብልስቶን ነው። ይህ ድንጋይ በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በደረቱ ከተኛ ቪትዝ ሳትነካው ትሻገረዋለች፤ በጠጠር ተደግፎ በጠርዙ ከቆመ ግን ሰያፉ 14 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። መጽሐፍ ያልተማረ ረዳት ይህን ስሌት በምን እንደ ደረሰበት ሊቃውንትን ሲያስደንቅ ይኖራል።

በአንድ ጎማ ወጥቶበት ማለፍ ነበር ብልሃቱ። ነገር ግን በግራ ጆንያ የተሸከመ ኩሊ «ዞር በሉ!» እያለ ይመጣል፤ በቀኝ የድስት ክዳን የተዘረጋበት ሸራ አለ፤ መካከለኛዪቱ መንገድ ብቻ ትቀራለች። ከዚያም ድምፁ ይሰማል። የድምፁ ትርጓሜ በአንድምታ ይሄዳል፦ ጎማ ያስፈነጠረው ጠጠር ነው፤ አንድም የታች ፕላስቲኩ ነው፤ አንድም ማርሚታው ነው፤ አንድም፣ አያድርገውና፣ የዘይት ኮፓው ነው። የፊተኛውን ትርጓሜ ተሳፋሪዎች ይይዛሉ፤ የኋለኛውን ሾፌሩ በልቡ ይይዛል፤ እውነተኛው ሶማሌ ተራ ክሪክ ሲገባ ይገለጣል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ባትሪያቸውን፣ ማለት ከዋጋቸው ታላቁን ክፍል፣ በሆዳቸው ሥር ስለዘረጉት፣ ባለቤቶቻቸው በዚያች ቅጽበት የሚያደርሱት ጸሎት ከሌላው ይረዝማል።

ወርዶ ድንጋዩን ማንሣት አይቻልምን ለሚል ጠያቂ፣ ይቻላል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በጎጃም በረንዳ በኩል ሲያልፍ፣ ከኋላው ጥሩምባ እየተነፋበት ወርዶ፣ አንዱን ጥቁር ድንጋይ በሁለት እጁ አንሥቶ ከዲቹ ዳር በደንብ አስቀመጠ። ገና እጁን ሳያራግፍ፣ ከላይ የቆመ አይሱዙ ረዳት እየሮጠ መጣና ድንጋዩን አቅፎ፣ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ እሷኑ ስፈልግ ነበር» ብሎት ተመለሰ።