ከበረካ በኋላ

የዛሬ ልጅ ማማረር እንኳ በወጉ አይችልም። ሁለት ቃል ተናግሮ ስልኩን ያያል።

ባለፈው እሑድ እዚህ ገዳሪፍ፣ ከማዘወትራት ራኩባ ሥር ቡና እየጠጣሁ ነበር። ራኩባ ማለት ሱዳኖች ከእንጨትና ከሣር የሚቀልሷት ዳስ ናት። በዚህ አገር ፀሐይ ከእሷ የቀረበ ዘመድ የለኝም። አንድ የጎረቤት ልጅ መጣና አጠገቤ ዘጭ አለ። እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛውን ከዐረብኛው ጋር እንደ ፍትፍት የሚለውስ ልጅ ነው።

«ወላሂ ጋሼ፣ ያ ‹ጆከር› የሚሉት፣ ሁለተኛው ባይወጣ ይሻል ነበር።»

«ማን ነው የሞተው?» አልኩት፣ ፊቱን አይቼ።

«ማንም አልሞተም። ፊልም ነው።»

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2019 የወጣው የመጀመሪያው ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶ ነበር አሉ። በ2024 ሁለተኛውን ሲያመጡት ግን፣ ያ ከተማ ያንቀጠቀጠ ሰውዬ እስር ቤትና ፍርድ ቤት ተቀምጦ ሲዘፍን ዋለ።

«እና አንተ ምን ሆንክ?»

«ተከፋሁ።»

ተከፋሁ ይለኛል! ተጋድሞ፣ በስልኩ፣ በነጻ ያየ ሰው ምን መከፋት ያውቃል? እኔ የተከፋሁት በእግሬ ሄጄ፣ ከፍዬ፣ ቢንቢ እየበላኝ ነው። መከፋት ከፈለግህ ቁጭ በልና ስለ ‹ሱፐርማን› አራተኛው ላውራህ አልኩት። እሱም ቁጭ ብሏል፤ መቼም የሚሄድበት የለውም።

በ1977 ዓ.ም. በመተማ በኩል ስወጣ ለአንድ ክረምት የሰሊጥ አረም ነው ብዬ ነበር። ያ ክረምት እስካሁን አላለቀም። የገዳሪፍን ሜዳ ያየ ያውቀዋል፤ እንግሊዞች በ1940ዎቹ ለወታደሮቻቸው ማሽላ ሊያመርቱ ትራክተር ያስገቡበት፣ ዓይን እስኪደክም የተዘረጋ ጥቁር መሬት ነው። የሚበር ጀግና ቢመጣ የሚጋጨው ነገር የለም።

ሥራው ሲያልቅ ደመወዛችንን በኪሳችን ይዘን ከተማ እንገባለን። በአንድ በሣር የታጠረ ግቢ ውስጥ ማታ ማታ ቪዲዮ ይታያል። ቴሌቪዥኑ የማሽላ ጆንያ ላይ ይቀመጣል፣ ጄኔሬተሩ ከአጥሩ ውጭ ይንደቀደቃል፣ እኛ መሬት ላይ ነን። ከቴሌቪዥኑ ጎን አስተርጓሚያችን ይቆማል። ካምፕ ውስጥ ትንሽ እንግሊዝኛ የቀመሰ፣ የጎደለውን ደግሞ ከራሱ የሚሞላ ሰው ነበር። ከጄኔሬተሩ በላይ መጮህ ስለነበረበት ሱፐርማን ፍቅሩን ሲገልጽም እየጮኸ ነው።

የመጀመሪያው ‹ሱፐርማን› እንደ ፈረንጆቹ በ1978 የተሠራው ነው። ከዋክብት መሃል የነበረ አገር ሊጠፋ ሲል እናትና አባት ልጃቸውን በአንዲት መርከብ አድርገው ይሰዱታል። ልጁ ምድር ላይ ይወድቃል፤ የሚያሳድጉት ገበሬዎች ናቸው። አስተርጓሚያችን ጉሮሮውን ጠረገና «ይህ ልጅ ስደተኛ ነው፤ ወረቀት የለውም» አለ። ግቢው በሙሉ ዝም አለ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሱፐርማን የእኛ ሰው ሆነ። መነጽር አድርጎ ማንም ሳያውቀው ከተማ ሲሠራ እንኳ ገባን። እኛም ጀለቢያ ስንለብስ ማንም የማያውቀን ይመስለን ነበር፤ ኬላው ላይ ግን ገና ከሩቅ «ያ ሐበሺ» ይሉናል።

ሁለተኛው ደግሞ ባሰ፣ ለመልካም ማለቴ ነው። ሰውዬው ለሚወዳት ሴት ሲል ኃይሉን ትቶ ተራ ሰው ይሆናል። አንድ ምግብ ቤት ገብቶ በሹፌር ይደበደባል፣ የገዛ ደሙን በእጁ ነክቶ ያያል። ያን ጊዜ አጠገቤ የነበረው የቀን ሠራተኛ «አይዞህ ወንድሜ» አለው። ሦስተኛው ቀልድ በዛበት፣ ሪቻርድ ፕራየር የሚባል አስቂኝ ሰው አስገቡበት፤ ቀጠነ ግን ተጠጣ።

ቡና የሚጠጣ ሰው ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። አቦል አለ፣ ቶና አለ፣ በረካ አለ። ከበረካ በኋላ ረከቦቱ ይነሣል። አራተኛ ስኒ የሚያቀርብልህ ሰው ወይ ቡናውን አያውቀውም፣ ወይ አንተን ንቆሃል።

እነሱ አቀረቡ። እንደ ፈረንጆቹ በ1987።

እኛ ዘንድ ካሴቱ እስኪደርስ አንድ ዓመት አልፏል። ዋጋው ጨምሯል፣ ግቢው ሞልቷል። ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ተማሪ ለሱፐርማን ደብዳቤ ይጽፋል፤ የዓለምን የኒዩክሊየር ጦር መሣሪያ በሙሉ አጥፋልን ይለዋል። እሱም እሺ ብሎ ሚሳይሉን ሁሉ እንደ ጭድ በአንድ ትልቅ መረብ ይሰበስብና አወዛውዞ ፀሐይ ውስጥ ይወረውረዋል። እስከዚህ ድረስ ደህና ነው። ከዚያ የተንኮለኛው የሌክስ ሉተር ሥራ ነው የሚመጣው። የሱፐርማን አንዲት ዘለላ ፀጉር በሙዚየም ውስጥ አራት ኩንታል ተኩል የሚሆን ብረት አንጠልጥላ ትታያለች። ሌክስ ሉተር በብረት መቁረጫ ቀጭ ያደርጋትና ብረቱ ወድቆ እሱ ይሰርቃታል። ታዲያ ይህን ያህል የምትሸከም ፀጉር በመቁረጫ ከተቆረጠች፣ ያን ሁሉ ጊዜ ማን ነበር የሚያስተካክለው? ስጠይቅ «ዝም በል፣ እንስማበት» ተባልኩ።

ከዚያች ፀጉር አንድ ወርቃማ ፀጉር ያለው፣ ጥፍራም፣ የኒዩክሊየር ሰው ይሠራሉ። ይህ ሰውዬ የቻይናን ታላቅ ግንብ ያፈርሳል፤ ሱፐርማን ደግሞ ይመጣና ድንጋዩን በዓይኑ ብቻ እያየ መልሶ ይክበዋል። እኛ አገር ዓይን ሲያፈርስ እንጂ ሲሠራ አልታየም። የጎንደር ሰው ነኝ፤ ግንብ ምን እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ቀጥሎ የኒዩክሊየሩ ሰውዬ አንዲት ሴት አቅፎ ከሰማይ በላይ ይወጣል፤ ልጅቷም አየር በሌለበት፣ የጠፈር ልብስ እንኳ ሳትለብስ፣ ሽንቷን እንደ ጨረሰች ሰው ተረጋግታ ትተነፍሳለች።

ያ ሁሉ ይሁን። የማይሆነው በረራው ነው። ሱፐርማን እጁን ዘርግቶ ፊት ለፊት ወደ እኛ ሲመጣ የሚያሳይ አንድ ቦታ አለ። ያንኑ ደግመው አመጡት። ከዚያ እንደገና። ያው እጅ፣ ያው ፊት፣ ያው የካባ እጥፋት፤ ጀርባው ላይ ያለው ሰማይ ብቻ ይቀየራል። እኔ ሰሊጥ ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ይህ አያመልጠኝም። እዚያ ግቢ ቡና ከምታፈላው ሴትዮ ጥሬ ቡና ተቀብዬ በመጣ ቁጥር አንድ ፍሬ ትሪው ላይ መጣል ጀመርኩ። ስንት እንደደረሰ አትጠይቀኝ፤ ሴትዮዋ አፈሰችና ቆላችው።

ልጁ ይህን ሲሰማ ስልኩን አወጣና ስለ ፊልሙ ያነብልኝ ጀመር። ካነን የሚባለው ኩባንያ፣ የአጎት ልጆች የሆኑት ጎላንና ግሎበስ የሚመሩት፣ በ36 ሚሊዮን ዶላር ሊሠራው አስቦ ወደ 17 ሚሊዮን ቀነሰው። ሌላ ብዙ ፊልም በአንድ ጊዜ ጀምሮ ነበርና፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው። ኒው ዮርክ ነው ያሉን ከተማ እንግሊዝ አገር ያለው ሚልተን ኪንስ ሆኖ ተገኘ። ከተቀረጸውም ወደ 45 ደቂቃ ቆርጠው ጣሉ። ታሪኩን ያመጣው ዋናው ተዋናይ ክሪስቶፈር ሪቭ ራሱ ነበር፤ የኒዩክሊየር ነገር አሳስቦት ነው። እሱን አልወቅሰውም። እንደ ፈረንጆቹ በ1995 ከፈረስ ወድቆ ሰውነቱ አልታዘዝ ያለው፣ በ2004 ያረፈው እሱ ነው። የሚበር ሰው ፈረስ ጣለው ሲባል የሰማሁ ቀን ቡናዬን ሳልጨርስ ነው የተነሣሁት።

ነገሩ ግን የገንዘብ ብቻ አይደለም። ሰሊጥ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ሂላ የሚሉት ክምር ሆኖ ይቆማል። ሲደርቅ ገልብጠህ ታራግፈዋለህ፤ ፍሬው ይዘንባል። ጥቂት ቀን ቆይተህ ሁለተኛ ታራግፈዋለህ፤ ያነሰ ግን ደህና ነው። ሦስተኛው አቧራ የበዛበት ነው። ለአራተኛ ጊዜ የሚያራግፍ ሰው ካየህ ጌታው እየተመለከተው ነው ማለት ነው፤ የሚሠራ ለመምሰል ነው። ይህ ፊልም እንደዚያ ነው። የከፋኝ ፍሬ ስላልነበረው አይደለም፤ ገለባውን ወደ እኛ ሲያራግፉ አያዩም ብለው ማሰባቸው ነው።

ልጁ ሳቀ። «ቆይ ጋሼ፣ መጨረሻውስ?»

መጨረሻው ላይ ነው ጉዱ። የኒዩክሊየሩ ሰውዬ አንድ ድክመት አለው፤ ኃይሉን የሚያገኘው ከፀሐይ ነው፣ ጥላ ሲያገኘው ግንድ ይሆናል። ገዳሪፍ ቁጭ ብለህ ይህን ስማ! እኛ በሚያዝያ ፀሐይ ጥላ ስንሻ ነፍሳችን የሚወጣ ሰዎች፣ ጥላ የሚገድለው ባላጋራ አመጡብን። ለዚህ ምን ሱፐርማን ያስፈልጋል? ና እስቲ ግባና ቡና ጠጣ ብሎ ራኩባ ሥር ማስቀመጥ ነበር። እሱ ግን ወጥቶ ጨረቃን በትከሻው መግፋት ጀመረ። ገፋት፣ ገፋት፣ ፀሐይዋን ልትጋርድ ስትል ድርግም።

ጨለማው የፊልሙ መስሎን ዝም ብለን ጠበቅን። ለካ ጄኔሬተሩ ናፍጣ ጨርሷል።

አስተርጓሚያችን ግን አላቆመም። በጨለማው ውስጥ ድምፁን ሳይቀይር ቀጠለ። ሱፐርማን ጠላቱን ከጣለ በኋላ ድንበሩ ላይ፣ ገላባት አረፈ አለ። ከወዲህም ከወዲያም ያለውን ክላሽ ሁሉ ሰበሰበ፣ እንደ ሰሊጥ አስሮ ሂላ አድርጎ አቆመው፣ በዓይኑ አቀለጠው። ከዚያ ወደ እኛ ዞረና «እንግዲህ ወደየቤታችሁ ግቡ» አለ። አጨበጨብን። ያለቀሱም ነበሩ፤ ጨለማ ስለነበር ማን እንደሆኑ አልታወቀም። እኔ ግን አልነበርኩበትም።

ከ35 ዓመት በላይ፣ አራተኛውን በሰማሁ ቁጥር እየረገምኩ፣ መጨረሻውን ግን ስወደው ኖርኩ። ይህ ልጅ ያን ዕለት እውነተኛውን መጨረሻ በስልኩ ከፍቶ አሳየኝ። ገላባት የለም። ክላሽ የለም። ሱፐርማን ጋዜጠኞች ፊት ይቆምና ሰላምን እኔ ልሰጣችሁ አልችልም ይላል፤ ሰላም የሚመጣው ሕዝቡ ራሱ አጥብቆ ሲፈልገውና መንግሥታቱን ሲያስገድድ ነው ብሎ ይበራል። ያንኑ በረራ።

«ይህን ለማለት አራት ፊልም!» አልኩ። ጮኬ መሰለኝ፣ ራኩባው ሥር ያሉት ዞሩብኝ።

ፊታቸውን አየሁት። አንደኛው ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳኑ ጦርነት ሲጀመር ከኻርቱም የሸሸ ነው። ሌላው ታኅሣሥ 2016 ላይ ከዋድ መደኒ የመጣ። ቡና አፍይዋ በኅዳር 2013 በሐምዳየት ተሻግራ ኡም ራኩባ የገባች ናት። ኡም ራኩባ ማለት የራኩባ እናት፣ የዳስ እናት እንደ ማለት ነው። በእኔ ዘመን ያገሬን ሰው ከረሃቡና ከጦርነቱ ያስጠለለው ካምፕ ነው፤ በ2013 ደግሞ እንደገና ተከፈተ። ያው ሜዳ፣ ያው ድንኳን፣ ያው እጁን የዘረጋ ሰው፤ ጀርባው ላይ ያለው ሰማይ ብቻ ተቀየረ። ቆይቶ ሱዳኖቹ በተራቸው በገላባት ወደ መተማ ሲሻገሩ ካሴቱን ወደ ኋላ ያጠነጠኑት መሰለኝ። በዚህ መንገድ ጀግና አላለፈም አይባልም፤ አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. የወደቁት እዚያው መተማ ላይ ነው። የመጣው ሁሉ መሣሪያ ይዞ ይመጣል እንጂ ሰብስቦ የሄደ የለም።

የሚያናድደኝ ደግሞ ይህ ነው። ያ ፀጉር የሚቆረጥበት፣ ግንብ በዓይን የሚካብበት፣ አንድ በረራ እየደጋገሙ የሚያበሉበት ፊልም፣ መጨረሻው ላይ አንድ እውነት ተናገረ። አስተርጓሚዬ ደግሞ ያን ያህል የወደድኩት ሰው ዋሸኝ። ከሁለቱ ማንን እንደምረግም ገና አልወሰንኩም።

«እና ጋሼ፣ መጥፎ ነው ጥሩ?» አለ ልጁ።

«መጥፎ ነው!» አልኩት። «አዲስ ካወጡ ግን ንገረኝ።»

«በ2025 አዲስ ሱፐርማን ወጥቷል እኮ።»

መልስ አልሰጠሁትም። ቡና አፍይዋ ጀበናውን አነሣች፣ ወዘወዘችው፣ ውሃ ጨመረችበት። «ጋሼ፣ በረካውንም ጠጥተዋል። አራተኛ ልጨምር? ቀጭን ነው የሚሆነው።»

ቀና ብዬ አየሁ። ፀሐይዋ ገና አልበረደችም፤ ከራኩባው ወጥቶ የሚሄድም ሰው አልነበረም።

«ቅጂ» አልኳት።