የቁጠባ ዋንጫ ለመተማ

ለኃይል ቁጠባ አገር አቀፍ ሽልማት ቢኖር፣ ከጎንደር በመተማ በኩል ገዳሪፍ በሚዘልቀው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር ሥር እያረሰ መብራት ያልገባለት ገበሬ ዋንጫውን ያለ ተፎካካሪ ይወስድ ነበር፤ ኤሌክትሪኩ በአናቱ አልፎ ሱዳን ሲገባ እሱ በኩራዝ ያመሻልና። ቁጠባ የተሰበከው ግን ለከተሜው ነው፤ በ2002 ዓ.ም. ገደማ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቆጣቢ አምፖሎች ታደሉ። «በ60 ዋት ፈንታ 11 ዋት መጠቀም ትንሽ ቁጠባ ነው ወይ?» ይባል ይሆናል። ትንሽስ አይደለም። ሆኖም 3,500 ዋት ገደማ የሚስበው የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ300 በላይ እንዲህ ያሉ አምፖሎችን ያህል ይበላል፤ አምፖል ቀይሮ ምጣዱን መተው የጎተራውን ቀዳዳ ሳይደፍኑ አይጧን እንደ መምከር ነው።

«ለሱዳን የሚደረገው የኤሌክትሪክ ሽያጭ የውጭ ምንዛሬ ያመጣል» የሚልም አለ። ያምጣ፤ ማን ጠላ? ከምንዛሬው ጥቂቱ ሙቀት ለማያባክን ምጣድና ለመተማ ገጠር ትራንስፎርመር ቢውል ግን ንግዱ አይከስርም። ያኔ ገበሬውም «መብራት አጥፋ» የመባል ክብር ይደርሰዋል፤ ለማጥፋት መጀመሪያ የሚበራ ነገር ያስፈልጋልና።