ትራንስክሪፕት ፍለጋ ከሞጣ ቢቸና

ጤፍ ተወቅቶ ባለቀ ሰሞን የቢቸና ገበያ ዋጋ ይወርዳል፤ ክረምት ሲገባ ያሻቅባል። ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳ አለበትና መጠበቅ አይችልም፤ ባለመጋዘኑ ይጠብቃል፣ ያተርፋልም። የነገን ዋጋ ዛሬ በስሌት የሚገምት፣ ኪሳራውንም አስቀድሞ የሚመጥን ሙያ መኖሩን ስሰማ ልቤ ሸፈተ። ስሙ ኳንቲታቲቭ ፋይናንስ ነው። ማስተርሱን ውጭ አገር ለመማር የተነሳሁት በዚህ ገበያ ምክንያት ነው።

ዲግሪዬ በሒሳብ ነው፤ ጂፒኤዬ ግን 3 ነጥብ አልደረሰም። ሙያውን የሚያስተምሩት እነ ፕሪንስተን፣ እነ ካርኔጊ ሜለንና ኒውዮርክ ያለው ባሩክ ኮሌጅ በካልኩለስ፣ በሊኒየር አልጀብራና በፕሮባቢሊቲ የጠነከረ፣ ፕሮግራሚንግም የሚችል ተማሪ ይፈልጋሉ። ሒሳቡን ተምሬዋለሁ። ፓይተንን ደግሞ ሞጣ ከማስተምርበት ክፍል ስመለስ፣ ማታ ማታ በራሴ ለመድኩት። መብራት ሲጠፋ ኮዱን ደብተር ላይ እጽፈው ነበር።

የሚያደክመው ከትምህርቱ ውጭ ያለው ነው። በ2015 ሐምሌ መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ የዚያ ዓመት የማመልከቻ ቀን እያየሁት አለፈ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ተወሰነ። ጂአርኢ የተባለው የመግቢያ ፈተና ያኔ 220 ዶላር ያስከፍል ነበር። ዶላሩ 57 ብር ገደማ ሳለ 12 ሺህ 500 ብር ይሆን የነበረው፣ ከ120 ብር ሲያልፍ ከ26 ሺህ ብር በላይ ሆነ። ይህ ለአንድ መምህር የወራት ደመወዝ ነበር።

ቀጥሎ የትራንስክሪፕቱ ጣጣ መጣ። ያመለከትኩበት ዩኒቨርሲቲ የጠየቀው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ታሽጎ ከሬጅስትራር በቀጥታ የሚላክ ነው፤ የኮስት ሼሪንግ (የትምህርት ወጪ መጋራት) ዕዳ ካልተከፈለ ደግሞ አይላክም። በእጄ ያለው ቴምፖ፣ ማለትም ጊዜያዊ ዲግሪ፣ ብቻ ነበር። የኮስት ሼሪንጉን የውል ወረቀት ፍለጋ ከሞጣ ወደ ቤተሰቦቼ፣ ወደ ቢቸና ተሳፈርኩ። ደብረ ወርቅ ስንደርስ መንገድ ተዘግቷል ተባለና እዚያው አደርን።

ዲማ ጊዮርጊስ የተማሩ አንድ የኔታ አብረውን አደሩ። "ልጄ፣ ምን አስተከዘህ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። "ሒሳብ ከሆነ እስቲ የዘንድሮውን አበቅቴ እናውጣ" ብለው የበዓላት ቀን የሚወጣበትን ስሌት ጀመሩ። 5500 ላይ 2017 ሲደመር 7517፤ ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ አንድ ሲነሳለት ወንበሩ 11 ነው። 11 በ11 ሲባዛ 121፤ ለ30 ሲካፈል አንድ ይተርፋል። አበቅቴ 1፤ ከ30 ሲቀነስ መጥቅዕ 29። ሁሉንም ያወጡት በቃላቸው ነው። በትራፊ መቁጠርን ይህ አገር ዩኒቨርሲቲ ሳይከፈትበት ያውቀዋል፤ የየኔታን ዕውቀት የሚያሳይ ጂፒኤ ግን የትም የለም። እኔን ያጽናናኝ ይህ ነው።

ወረቀቱ ቢቸና ተገኘ። ዕዳው በአንድ ጊዜ ይከፈል ተባለ፤ ተበድሬ ከፈልኩ። ፖስታው ሲደርስ ማመልከቻው ተዘግቶ ነበር።

እንደኔ ያለ ሰው ካለ ሌሎችም በሮች እንዳሉ ይወቅ። የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ኢንስቲትዩት፣ ኤምስ፣ በ2003 እ.ኤ.አ. ኬፕታውን ውስጥ ተመሠረተ፤ ዛሬ ሩዋንዳንና ጋናን ጨምሮ በሌሎች አገሮችም ማዕከላት አሉት። ለማስተርስ የሚቀበላቸውን ምግባቸውንና መኝታቸውን ችሎ ያስተምራል። ወርልድኳንት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የፋይናንስ ኢንጂነሪንግ ማስተርስን በኢንተርኔት፣ ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ አመልካቹን በሒሳብ ፈተና ይለያል። ዝቅተኛ ውጤት ያለው ሰው ችሎታውን የሚያሳየው እንዲህ ባለ ፈተና ነው።

አገራችንም ይህን ሙያ የምትፈልግበት ጊዜ ደርሷል። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 በ2013 ወጣ፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። አክሲዮኑን የሚተምን፣ ስጋቱን የሚያሰላ ሰው ከየት ይምጣ?

የእኔን መንገድ የዘጋው ኮስት ሼሪንግ ከተመራቂው ደመወዝ ላይ በየወሩ እየተቆረጠ እንዲከፈል የታሰበ ዕዳ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሆይ፣ ዕዳውን በውል አስራችሁ በየወሩ ተቀበሉ፤ ትራንስክሪፕቱን ግን ለሚያመለክት ልጅ በጊዜው ላኩለት።