የ«ወዴት ነው?» የጸጥታ ፋይዳ፦ ዱርቤቴን ማዕከል ያደረገ ጥናት

1. የጥናቱ ዳራ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ፣ መራዊን አልፎ ወደ ዳንግላ የሚሄድ መንገደኛ ዱርቤቴን ሳይረግጥ አያልፍም። ከተማዋ የደቡብ አቸፈር ወረዳ መቀመጫ ስትሆን፣ ወደ ቁንዝላና ወደ ጣና ዳር የሚያወጣው መንገድም ከእርሷ ይገነጠላል። መንገደኛው በመኪና መስኮት የሚያየው ሱቅ፣ ባጃጅና የበቆሎ ጆንያ ነው። የማያየው ነገር ቢኖር እሱ ራሱ መታየቱን ነው።

በነባሮቹ ሰፈሮች የጥበቃ ካሜራ የለም። የኤሌክትሪክ ደወል የለም። የቆርቆሮ በሩ ቀን ቀን ገርበብ ብሎ ይውላል፤ አጥሩ ባሕር ዛፍ ወይም ቅንጭብ ነው፤ ፍየል ይከለክል እንደሆን እንጂ ሰው አይከለክልም። ያም ሆኖ ሌባ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ለመታጠፍ ሲያስብ እግሩ ይከብደዋል። የዚህ ጥናት መሪ ጥያቄ «ምን አስፈራው?» የሚል ነው።

የጥናቱ ወሰን ከዶሮ እስከ ቴሌቪዥን ያለው ንብረት ነው። ከዚያ የከበደው የአገር ጸጥታ በደጃፍ ሰላምታ የሚፈታ አይደለም፤ ቢሆንማ ኖሮ ድሮ በተፈታ ነበር። የጥናቱ ዘዴ ምልከታ ነው። አጥኚው ሰፈሩን ሲመለከት ሰፈሩም አጥኚውን ተመልክቷል፤ በመረጃ ብዛትም በጥራትም ሰፈሩ በልጧል።

2. የቀደሙ ሥራዎች ቅኝት

ጄን ጃኮብስ የተባለችው አሜሪካዊት ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1961 ስለ አሜሪካ ታላላቅ ከተሞች ሞትና ሕይወት ባሳተመችው መጽሐፍ፣ የጎዳናን ሰላም ከፖሊስ ይልቅ የሚጠብቀው የጎዳናው ዓይን ነው ብላ ተከራከረች። ማስረጃዋን የሰበሰበችው ከኒው ዮርክ፣ ከራሷ ሰፈር ከሀድሰን ጎዳና ነው። መጽሐፉ የከተማ ፕላን ባለሙያዎችን አስተሳሰብ እንደቀየረ ይነገርለታል። ዱርቤቴ ላይ ደጃፍ ተቀምጠው በርበሬ የሚቀነጥሱ እናቶች አላነበቡትም። ቢነበብላቸውም «ታዲያ ይሄ ምኑ ይገርማል?» ማለታቸው አይቀርም።

ቀጥሎ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1972 በብሔራዊው የሸሪፎች ማኅበር አማካይነት የሰፈር ጥበቃ መርሐ ግብር ጀመሩ። እንግሊዞችም በ1982 ሞሊንግተን በምትባል የቼሻየር መንደር ተከተሏቸው። ስብሰባ ተጠርቶ፣ ምልክት ተሰቅሎ፣ ሰው የጎረቤቱን ቤት ዓይን ዓይኑን እንዲያይ ተመከረ። የጎረቤቱን ቤት ለማየት ምክር የሚያስፈልገው ሰው በዓለም ላይ መኖሩ ሲነገራቸው የሰፈራችን እናቶች ከንፈራቸውን መጠጡ።

በአገራችን ነገሩ ጠንከር ባለ እጅ ተሞክሯል። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ በሚባለው የቆየ ሥርዓት፣ ከብት ተሰርቆ ወይም ቤት ተቃጥሎ አድራጊው ሲጠፋ፣ ያገሩ ሰው አንድ ላይ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪወጣ ይቀመጥ ነበር። የቀረ ይቀጣል፤ ወንጀለኛው ካልተገኘም ኪሳራው በሁሉም ትከሻ ላይ ያርፋል። ጎረቤት የጎረቤቱን መውጣት መግባት በቃሉ እንዲያጠና ከዚህ የበለጠ ማበረታቻ ሊገኝ አይችልም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትንም አቋቋመ። ቀበሌ መጣ፤ ሰውም ዱላና ፊሽካ ይዞ በተራ ሮንድ ወጣ። ሮንዱ በጨለማ ያገኘውን ሰው «ማነህ? ወዴት ነው?» ይላል። ጥያቄዎቹ ከአዋጁ በፊትም በየደጃፉ ሲጠየቁ የኖሩ ናቸው፤ አዲሱ ነገር ፊሽካው ነበር። በዚያ ዘመን መልሱ ያላማረለት ሰው ሊታሰር ስለሚችል ግን ጥያቄው ትሕትናውን አጣ። ትሕትናው ሲወጣለት ምን እንደሚሆን ያየ ሰው፣ የደጃፉን ጥያቄ አክብሮ ይመልሳል።

ስለ ሕጉም አንድ ቃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ማንም ባለቤት ጎረቤቱን በጭስ፣ በጥላሸት፣ በመጥፎ ሽታና በጩኸት ከመልካም ጉርብትና ልክ በላይ እንዳያውክ ያዝዛል። ሕጉ ልኩ ስንት እንደሆነ አልተናገረም፤ ክፍተቱን ሰፈሩ ሞልቶታል። የቁሌት ጭስ ሦስተኛው ቤት ድረስ ቢያስነጥስ መልካም ጉርብትና ነው። ወጡ ሲደርስ ወደ ሦስተኛው ቤት በሳህን ካልተላከ ግን ሁከት ነው።

3. የመለያ ሥርዓቱ

ሥርዓቱ የሚሠራው ደጃፍ ላይ በምትቀመጥ አንዲት ባለሙያ ነው (ከዚህ በኋላ «እማማ» እየተባሉ ይጠራሉ)። መሣሪያቸው በርጩማ፣ ሰፌድና ሁለት ጥያቄ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ወዴት ነው?» ይባላል። ተቀባይነት ያለው መልስ «እዚች ድረስ» ነው። በዚህ ምልልስ የተላለፈ መረጃ የለም፤ እማማ ግን «በል ይቅናህ» ብለው በደስታ ያሰናብታሉ። ችኩል ተመራማሪ ይህን የጊዜ ብክነት ነው ብሎ ያልፈዋል። ነገሩ ሌላ ነው፤ ጥያቄው ተጠይቆ ሲያበቃ ሥራውን ጨርሷል። ሰውየው መታየቱን ዐውቋል። ያለፈበት ሰዓት፣ የለበሰው ጃኬት፣ የያዘው ፌስታል ቀለም ተመዝግቧል። «አይቼሃለሁ» ብሎ ፊት ለፊት መናገር ነውር ስለሆነ መልእክቱ በሰላምታ ተሸፍኖ ይደርሳል።

ከዚህ የተነሣ የእግዜር ሰላምታ ነስቶ የሚያልፍ ሰው ከሦስቱ ምድቦች በአንዱ ይወድቃል፦ ወይ ቸኩሏል፣ ወይ ተቀይሟል፣ ወይ ሌባ ነው። ሦስቱም ክትትል ይደረግላቸዋል። የቸኮለውን «ምን ሆኖ ነው?» ብለው ማታ ቤቱ ድረስ ሄደው ይጠይቁታል። ለተቀየመው ሽማግሌ ይላክበታል። ሦስተኛው ግን የትም አይደርስም፤ አንድ ሕፃን ኳስ እያንከባለለ ከኋላው ይከተለዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ በር ሲንኳኳ ከውስጥ የሚወጣው «ማነው?» ነው። መልሱ «እኔ ነኝ» ነው። ማንም ቢያንኳኳ እኔነቱ ስለማይቀር፣ ሌባም ይህን ቢል አልዋሸም። በሩ ግን ይከፈታል፤ የሚመረመረው ድምፁ ነዋ። ሰውን በድምፁ የሚለይ ማሽን ለመሥራት ታላላቅ ኩባንያዎች ብዙ ደክመዋል። እማማ አንኳኪው ማን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ጉንፋን እንደያዘው፣ የዳጉሳ ጠላ እንደቀማመሰ፣ ከሚስቱ ጋር እንደተኳረፈ ከሁለቱ ቃላት ይለያሉ። ድምፁ ያልታወቀ ሰው «አንተ ማን?» ይባላል። ከዚያ የአባት ስም ይመጣል፤ ቀጥሎ የአያት፣ ቀጥሎ የትውልድ ቀበሌ፣ ቀጥሎ የአክስት ባል። ምርመራው የሚያበቃው የጋራ ዘመድ ሲገኝ ነው። አቸፈር ውስጥ የጋራ ዘመድ ሳይገኝ ቀርቶ አያውቅም።

4. የመስክ ማስረጃ

አንድ ማለዳ አንድ ወጣት ቴሌቪዥን ታቅፎ በእማማ ደጃፍ አለፈ። ምልልሱ እንደሚከተለው ተይዟል።

«እንዴት አደሩ እማማ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንዴት አደርክ ልጄ? ምነው በጠዋቱ እንዲህ ከባድ ነገር ተሸክመህ?»

«ተበላሽቶ ነው። ላሠራው ነው።»

«አይ የዘንድሮ ዕቃ! የማን ነው?»

«የአክስቴ።»

«የቷ አክስትህ?»

ወጣቱ እጁ ስለተያዘ በአገጩ ወደ አንድ የቆርቆሮ በር ጠቆመ።

«እሷማ ለክርስትና ባሕር ዳር ሄዳ የለችም እኮ። ቁልፉንም ለኔ ነው ሰጥታኝ የሄደችው» አሉና የመቀነታቸውን ጫፍ ፈተው ቁልፉን አሳዩት። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ለመሆኑ ቁርስ በልተሃል?»

ወጣቱ ቴሌቪዥኑን ደጃፉ ድንጋይ ላይ፣ መስታወቱ እንዳይጫር ተጠንቅቆ አስቀመጠ። «ውሃ ጠምቶኝ ነበር፤ ጠጥቼ ልምጣ» አለ። «ውሃማ እዚህ ሞልቶ!» ብለው ሕፃን ወደ ቤት ላኩ። ውሃው ሲመጣ ወጣቱ አልነበረም።

ትንታኔ፦ በመላው ሂደት ስድብ አልተሰነዘረም፤ ክስ አልቀረበም፤ ዱላ አልተነሣም። ተጠርጣሪው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «ልጄ» ነበር። እማማ እስካሁን የሚቆጫቸው ቁርስ ሳይቀምስ መሄዱ ብቻ ነው።

5. ንብረትን የመበተን ስልት

ሌባው እማማን አልፎ ቤት ቢገባም ሌላ ችግር ይጠብቀዋል፤ ዕቃው እዚያ የለም። መጥረቢያው ሦስት ቤት አልፎ ነው። ሙቀጫው አለ፤ ዘነዘናው ግን የለም። ወንፊቱ ከሁዳዴ በፊት በውሰት እንደወጣ ነው። መሰላሉ የማን እንደሆነ ሰፈሩ ተከራክሮ ትቶታል። የገንዘብ አማካሪዎች ሀብትን አንድ ቦታ አታከማቹ ብለው በክፍያ የሚሰጡትን ምክር ሰፈሩ በነፃ ይሠራበታል።

መዝገብም አለው። ለሰርግና ለለቅሶ የሚዋጣው ሳህን እንዳይደባለቅ ከሥሩ በጥፍር ቀለም ምልክት ይደረግበታል፦ አንዷ አንድ ቀይ ነጥብ፣ ሌላዋ ሁለት፣ ሦስተኛዋ መስቀል። የተሰረቀ ሳህን ገበያ ቢወጣ ገልብጦ ማየት ይበቃል።

የውሰት ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ነው። ጨው ልትበደር የመጣች ጎረቤት ጨው ብቻ ይዛ አትመለስም። ባለቤቱ ከትናንት ጀምሮ እንደተኛ፣ ምድጃው እሳት እንዳልነካው አይታለች። ከሰዓት በኋላ አጥሚት በጣሳ ይመጣል፤ አጥሚቱን ማን እንደጠራው አይነገርም። ቴሌቪዥኑን ያስጣለው ዓይንና አጥሚቱን ያመጣው ዓይን አንድ መሆኑን ጥናቱ አረጋግጧል።

6. ረዳት አካላት

ውሻ በሥርዓቱ ውስጥ ዝቅተኛ ቦታ አለው፤ ከእማማ በፊት ሲጮህ አይሰማም። በአንዳንድ ቤት የሚሰጠው አገልግሎት የፖስታ ነው። ከጎረቤቱ የተቀያየመ ሰው ቡችላውን «ማን ያምናል» ብሎ ይሰይምና ማታ ማታ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠራዋል። መልእክቱ አጥር ተሻግሮ ይደርሳል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2071 ባለቤትን እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ይጠይቃል እንጂ ለስሙ አይጠይቅም።

የመብራት መጥፋትም የጸጥታ መሣሪያ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ከየአጥሩ «የናንተም ጠፍቷል?» የሚል ድምፅ ይሰማል። «የኛም ጠፍቷል» ሲባል ጠያቂው እፎይ ይላል። መብራቱ አልመጣም፤ ግን ሰፈሩ በስም ተጠርቶ ሁሉም መገኘቱ ታውቋል።

ለከባድ ጊዜ ኡኡታ አለ። ኡኡ ሲባል ነጠላ የደረሰለት በነጠላ፣ ያልደረሰለት በብርድ ልብስ ይወጣል። ሳይወጣ የቀረ ሰው በማግሥቱ «ምነው አሞህ ነበር?» ይባላል። ይህ ጥያቄ ከቅጣት ይቆጠራል።

7. የጎንዮሽ ጉዳት

ሥርዓቱ ሌባን ከፍቅረኛ ለይቶ አያይም። ሁለት ወጣቶች ለመሰወር ብለው ባሕር ዳር ድረስ ሄደው ጣና ዳር ሻይ ቢያዝዙ፣ ሻዩ ሳይቀርብ ወሬው ዱርቤቴ ገብቷል። በጾም ቀን በጥቁር ፌስታል የገባ ነገር ምንም ይሁን ምን ሥጋ ነው ተብሎ ይያዛል። አዲስ ተከራይ ደግሞ የመጀመሪያውን ለቅሶ እስኪደርስ ድረስ «ያ ልጅ» ነው፤ ድንኳን ተክሎ ካደረ በኋላ ግን በስሙ መጠራት ይጀምራል፤ ሚስትም ይፈለግለታል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንደሚባለው ሰፈሩ ሲጠረጥር ይውላል። ተጠርጣሪውን ቡና ጠርቶ መጠርጠሩ ግን ልዩ ያደርገዋል።

8. ንጽጽር

ባሕር ዳር ውስጥ በቅርብ ዓመታት በተስፋፉ ሰፈሮች ሌላ ፍልስፍና ይታያል። ግንቡ ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ፣ ከስባሪው በላይ የእሾህ ሽቦ፤ በሩ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ»። ባለቤቱ ይህን ሁሉ ከፍሎበት ያገኘው ከጎረቤት ዓይን መሰወር ነው። ሌባም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ግንቡን አንዴ ከዘለለ ግንቡ ከዚያ ወዲያ የሚሸፍነው እሱን ነው፤ ተረጋግቶ ይሠራል። ግቢው ውስጥ «ወዴት ነው?» የሚለው የለም።

9. ምክረ ሐሳብ

ሀ. ግንብ ለሚያሠሩ፦ ውጭ በሩ አጠገብ አንድ የመቀመጫ ድንጋይ ይተው። ዋጋው ከካሜራ ያንሳል፤ መብራት ሲጠፋም ይሠራል።

ለ. ለወጣቶች፦ «ምን አገባት» ከማለት በፊት ቤቱን ቆልፎ የሄደው ሰው ቁልፉን ለማን እንደሰጠ ያስታውሱ።

ሐ. ለሚመለከተው አካል፦ እማማ ደመወዝ አይከፈላቸው። ደመወዝ ከተከፈላቸው ሰዓት ፈርመው ይገባሉ፤ ሰዓት ፈርመው ከገቡ በአሥራ አንድ ሰዓት ይወጣሉ።

መ. ለሌቦች፦ ወደ ሰፈሩ ሲገቡ ሰላምታ አይንሱ፤ የነሱ እንደሆነ ወዲያው ይታወቃሉ። ሰላምታ ከሰጡ ደግሞ የአባትዎን ስም ይጠየቃሉ፤ በአያትዎ በኩል ዘመድ ይገኛል፤ አረፍ ይበሉ ይባላሉ፤ አቦል ይቀርባል። በረካው ሲደርስ መሽቷል፤ በነጋታው ለቅሶ አለ፤ ድንኳን የሚተክል ጉልበት ያለው ሰው ጠፍቷልና እርስዎ ተቆጥረዋል።